ዊንዶውስ 7 ላይ የቀረ ሰው "መማር የፈራ" ነው?

ባለሰባት፦ ትናንት አንዱ "እስካሁን ዊንዶውስ 7 ላይ የተጎለተ ሰው መማር የፈራ ነው" ብሎ ጽፎ ላይክ በላይክ ሆነ። ወይ ጉድ! እኔ ቪስታን ዘልዬ ከኤክስፒ ወደ 7 ስሄድ ማንም አላስገደደኝም። ስለተሻለ ነው የሄድኩት። በፈረንጆቹ 2012 ግን ማይክሮሶፍቶች 8ን አመጡና የስታርት ቁልፏን አጠፏት፣ ዴስክቶፑንም ታብሌት ሊያስመስሉት ሞከሩ። ሰው ሲጮህባቸው በ8.1 ቁልፏን መለሷት። ያኔ መማር የፈራው ማን ነበር?

ፓች፦ ወንድሜ፣ የስታርት ቁልፍ አይደለም ጉዳዩ። የ7 ድጋፍ ያበቃው ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። ከፍለው ያስቀጠሉ ድርጅቶችም በ2023 አብቅቶባቸዋል። ክሮም ከ109 ወዲህ ያለው አይጫንልህም። የጌም መደብሩ ስቲምም በ2024 መግቢያ ላይ ትቶሃል። አዲስ የደህንነት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ያንተ ማሽን ክፍቱን ያድራል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ቫይረስ፣ ዋናክራይን ረሳኸው?

ባለሰባት፦ ኢንተርኔት ካላገናኘሁት ምን ይነካኛል? ይሄ ማሽን የሚያሠራው ስካነር ነው። አምራቹ ለአዲሶቹ ዊንዶውሶች ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ የሚያግባባ ፕሮግራም) አላወጣለትም። ዕቃው ግን ምንም አልሆነም። ልጣለው? ዋናክራይንም ካነሳህ ሙሉውን አንሳ። ፓቹ፣ ማለት ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት፣ የወጣው ማርች 2017፣ ጥቃቱ የመጣው ሜይ ላይ። 7 ያኔ ድጋፍ ነበረው። ሰዎቹ የተመቱት አፕዴት ስላላደረጉ ነው እንጂ ሲስተሙ አሮጌ ስለሆነ አይደለም።

ፓች፦ ራስህ መለስከው እኮ። እነሱ ሳያደርጉት የቀሩት አፕዴት ነበራቸው። ላንተ የታለ?

ሽቦ፦ "ካላገናኘሁት" 😂 ታዲያ ይሄን ሁሉ የጻፍከው በፖስታ ልከህ ነው?

ባለሰባት፦ በስልኬ። ሌላ ጥያቄ?

ሽቦ፦ አለኝ። ስካን ያደረግከው ፋይል ከዚያ "ካላገናኘሁት" ማሽን በምን ይወጣል? በፍላሽ አይደል? ስተክስኔት የተባለው ቫይረስ የኢራን ኒውክሌር ጣቢያ ድረስ የዘለቀው በምን ይመስልሃል? እነሱም አላገናኙትም ነበር።

ባለሰባት፦ ጥሩ ምሳሌ አመጣህ። ስተክስኔት በ2010 ሲጋለጥ 7 ከወጣ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር! ፍላሿን ሰክተህ ፎልደሩን ከፍተህ አይኮኑን ማየት ብቻ ይበቃው ነበር፣ ምንም ሳትጫን። በጊዜው አዲሱ ዊንዶውስ 7 ነው። አዲስነቱ ምን ፈየደለት?

ሽቦ፦ ፓች ወጣለት። ይህን ፈየደለት።

ራይትክሊክ፦ እኔ 11 ላይ ነኝ፣ ተገድጄ። ፋይል ላይ ራይት ክሊክ ሳደርግ የምፈልገው ነገር የለም። ከታች "ተጨማሪ አማራጮችን አሳይ" የምትለዋን ስጫን ያ የድሮው ሜኑ እንዳለ ብቅ ይላል። አልተቀየረም እኮ፣ ደበቁት እንጂ! ታስክባሬን ሁሌ በግራ በኩል አቁሜ ነበር የምጠቀመው። 11 ሲወጣ እሱንም ከለከሉኝ። ይሄ የደህንነት ቀዳዳ ነበር?

ፓች፦ እህቴ፣ ሺፍትን ይዘሽ ራይት ክሊክ ካደረግሽ የድሮው ሜኑ በቀጥታ ይመጣልሻል።

ራይትክሊክ፦ አውቃለሁ። ያልገባኝ በአንድ እጄ እሠራው የነበረው ለምን ሁለት እጅ እንደጠየቀኝ ነው።

ፔንግዊን፦ ዊንዶውስን ትታችሁ ሊኑክስ ጫኑና ተገላገሉ።

ሽቦ፦ መጣ! ዛሬስ ዘገየህ።

ፔንግዊን፦ ሳቅ። ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የ10 ድጋፍ ሲያበቃ ስንት ጤነኛ ኮምፒውተር ነው "ቲፒኤም 2.0 የለህም" (የደህንነት ቺፕ ነው) ተብሎ ከ11 በር የተመለሰው? ፕሮሰሰሩ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ከሆነማ አብዛኛው 11 ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም። ኮምፒውተሩ ምን አጠፋ? እኔን ሊኑክስ ይሄን ጠይቆኝ አያውቅም።

ባለሰባት፦ ስካነሬን ይሠራዋል?

ፔንግዊን፦ እንደ ሞዴሉ ነው። ሞዴሉ ምንድነው?

ባለሰባት፦ "እንደ ሞዴሉ"! የኔው 7 ላይ እንደ ምንም አይደለም፣ ዝም ብሎ ይሠራል።

ጋሼ ዶስ፦ በ7 ነው እንዲህ የምትባሉት? እኔ ኤክስፒ ላይ ነኝ። 7 ለኔ አዲስ ነው።

ፓች፦ ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ኢንተርኔት ላይ እንዳያገናኙት። የኤክስፒ ድጋፍ ያበቃው በ2014 ነው።

ጋሼ ዶስ፦ አውቃለሁ ልጄ። ግን ዋናክራይ ዓለምን ሲያምስ፣ ካበቃ ከሦስት ዓመት በኋላ ለኤክስፒም ፓች አውጥተዋል። ሲፈልጉ ይችላሉ ማለት ነው። ይሄንን ለምን አትጽፍም?

ፓች፦ አልፎ አልፎ ነው እኮ፣ ያውም ነገሩ ሲከፋ! በዚህ ተማምነው ሌላ ዋናክራይ እስኪመጣ ሊጠብቁ ነው?

ጋሼ ዶስ፦ አንተ ጠብቀው። እኔ የማትመው ወረቀት አለኝ።

ባለሰባት፦ 😂😂 ጋሼ ይኑሩልኝ!

ሽቦ፦ ቫይረሱም አብሮዎት ይኑራ።

ራይትክሊክ፦ ሽቦ፣ ትልቅ ሰው ነው የምታናግረው።

ፔንግዊን፦ የስካነሩን ሞዴል ንገረኝ እንጂ።