ቶንሲል የወጣለትን የሩቅ ልጅ በዕለቱ እንሸኘው?

ባልደረቦች፣ ጎንደር ላይ ቶንሲል የወጣላቸውን ልጆች በዕለቱ ለመሸኘት መመሪያ እያዘጋጀን አንድ ቦታ ላይ ቆመናል። ለ6 ሰዓት ያህል ክትትል ተደርጎለት ፈሳሽ የጠጣ፣ ያላስመለሰ፣ ጉሮሮው በባትሪ ታይቶ ደም የሌለበት ይሄዳል፤ ከ3 ዓመት በታች የሆነ ወይም ሲተኛ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ያድራል። እዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ጭንቁ የኋላው መድማት ነው፤ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን፣ ቁስሉ ላይ ያለው ነጭ ሽፋን ሲላቀቅ የሚመጣው። የአዘዞ ልጅ በባጃጅም ይደርሳል። ደባርቅ ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም በሌሊት! ቤተሰብ ትራሱን ያያል እንጂ ልጁ ተኝቶ ቶሎ ቶሎ መዋጡን ልብ አይልም፤ ደሙ ደግሞ ወደ ሆድ ነው የሚወርደው።

ከሩቅ የመጡትን እስከ 10ኛው ቀን ከተማ ታቆያላችሁ? ዘመድ የሌለውንስ?