ሳሎን ቻናል ሲቀየር የእናቴ ክፍል ይጠፋል፤ ዲሽ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ፣ ታቦር ነው ያለሁት። በየወሩ የሚከፈልበትን ዲኮደር ትተን ወደ ነፃ ቻናሎች ዞረናል። አንዱ ዲሽ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ ነው፤ ያገራችን ቻናሎች የሚገቡበት። ሌላው ናይልሳት ነው። ሁለቱ ጣራ ላይ፣ ከዲሾቹ አንዱን እየመረጠ የሚያሳልፍ ስዊች ውስጥ ገብተው በአንድ ገመድ ይወርዳሉ። ከዚያ ገመዱ በስፕሊተር ለሳሎንና ለእናቴ ክፍል ተከፍሏል።

ልጆቹ ሳሎን ናይልሳት ሲከፍቱ እናቴ ጋ «ሲግናል የለም» ይላል። እኔ ሳሎን በፍላሽ እየቀዳሁ እሷ ሳተላይት ከቀየረች ደግሞ ቀረጻው ይቋረጣል። የገመዱን ጫፍ ቆርጬ አዲስ ኮኔክተር አሰርኩ፤ ወይ ፍንክች። ሁለቱ ሪሲቨሮች አንዱን ስዊች ስለሚሻሙ ይመስለኛል። ለየዲሹ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት የሚታሰረው ሲግናል ተቀባይ) ገዝቼ፣ ለየክፍሉ የራሱን ስዊችና ገመድ ብዘረጋ ይፈታል? ሳሎን የቀዳሁትንስ እናቴ ክፍሏ ሆና የምታይበት መንገድ አለ? ፍላሽ ይዤ መመላለስ ሰልችቶኛል።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ አሮጌው ዲኮደር ነው። ሃርድ ዲስኩ ላይ አያቴ ለፊቼ ጨምበላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ስትጨፍር የታየችበት ቀረጻ አለ። ጥቂት ሰከንድ ናት፤ ነጠላዋን እያስተካከለች ትስቃለች። አሁን በሕይወት የለችም። ክፍያው ሲቋረጥ ቀረጻው አልከፈት አለ። ዲስኩን አውጥቼ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደንግጬ ነቀልኩት። ማውጣት ይቻላል? ወይስ የአንድ ወር ከፍዬ፣ ዲስኩን መልሼ፣ ከቴሌቪዥኑ ላይ በስልኬ ልቅረጸው? እባካችሁ፣ የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፤ እስከዚያ ዲስኩን አልነካውም።