በሦስት ሰው አትላንቲክን ስንሻገር የሌሊት ተራ እንዴት ይከፋፈላል?

ጀማሪ ተሳፋሪ፦
ልምድ ካላቸው ሁለት ሰዎች ጋር በ12 ሜትር የሸራ ጀልባ ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን እንድሻገር ተጋብዣለሁ። መንገዱ 2,700 የባሕር ማይል ያህል እንደሆነና እንደ ነፋሱ ሁኔታ ሦስት ሳምንት ገደማ እንደሚፈጅ ተነግሮኛል። ከማዕበሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ እንቅልፍ ነው። ሦስት ሰዎች ተራ ገብተው በቂ ዕረፍት ያገኛሉ? አውቶፓይለት እያለስ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ሰው ነቅቶ መቀመጡ ግድ ነው?

ሸራ ወጣሪ፦
በሁለተኛው ልጀምርና፣ አዎን፣ ግድ ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ በ5ኛው አንቀጹ ማንኛውም መርከብ ምንጊዜም በዓይንና በጆሮ ዙሪያውን እንዲቃኝ ያዛል፤ አውቶፓይለት ደግሞ አቅጣጫ ይጠብቃል እንጂ አያይም። እናንተ በ6 ኖት (በሰዓት 6 የባሕር ማይል) ስትጓዙ ከፊት ለፊት አንድ የጭነት መርከብ በ18 ኖት ቢመጣባችሁ፣ በመካከላችሁ ያለው ርቀት በ20 ደቂቃ ብቻ 8 የባሕር ማይል ይቀንሳል። ብዙዎች በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ተነሥተው አድማሱን ዙሪያውን የሚያዩት ለዚህ ነው። መርከቦች ያሉበትን ቦታና አቅጣጫቸውን በሬዲዮ የሚያሳውቁበት መሣሪያ፣ ኤአይኤስ፣ ትልቅ እገዛ ያደርጋል፤ ሆኖም መሣሪያው የሌላት ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ስክሪኑ ላይ አትታይም።

ተራውን በተመለከተ፣ ለሦስት ሰው የምመርጠው ሦስት ሰዓት ጥበቃና ስድስት ሰዓት ዕረፍት ነው። ዑደቱ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ከዕለት ወደ ዕለት ተራው በራሱ ይሸጋሸጋል፤ ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ያለው ከባድ ሰዓት በአንድ ሰው ላይ ብቻ አይወድቅም።

የንጋት ተረኛ፦
በመሸጋሸጉ አልስማማም። ሰውነት የሚለምደው በየሌሊቱ በተመሳሳይ ሰዓት ሲተኛ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ የተወሰነ ሰዓት ያለው ሰው ሳይቀሰቅሱት ይነቃል። ይልቅ ሊያስቡበት የሚገባው የት እንደሚተኙ ነው። በዚህ መንገድ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ ጀልባው ሌት ተቀን ግራና ቀኝ ይንከባለላል፤ ከፊት ያለው አልጋ ለመተኛት አይመችም። በጀልባው መካከል፣ ጎኑ ላይ መጋረጃ መሰል ሸራ ተወጥሮ ከመውደቅ በሚከለክል ጠባብ አልጋ ይተኙ። ቁም ሳጥን ውስጥ የምትንከባለል አንዲት ጣሳ ከነፋሱ ጩኸት በላይ እንቅልፍ ትነሣለች፤ ፈልገው በፎጣ ይጠቅልሏት።

ጀማሪ ተሳፋሪ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ለጀማሪ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ሸራ ወጣሪ፦
የማምሻው ወይም የንጋቱ፤ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ግን ከባለ ልምዶቹ ከአንዱ ጋር ይቀመጡ። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ ቀደም ብለው ይነሡ፤ ከውስጥም ቀይ መብራት ብቻ ይጠቀሙ። በየ15 ዲግሪው ወደ ምዕራብ ፀሐይ አንድ ሰዓት ስለምትዘገይ፣ የጀልባው ሰዓት መቼ እንደሚስተካከል አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ አለዚያ ማን ተጨማሪ ሰዓት ጠበቀ የሚለው ክርክር አያልቅም። የባሕር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አንዳንዱ እንቅልፍ ስለሚያመጣ፣ ከመነሣታችሁ በፊት በየብስ ሳሉ ይሞክሩት። በሌሊት ብቻዎን ሳሉ ደግሞ መታጠቂያዎን ከጀልባው ጋር ሳያያይዙና ሌላ ሰው ሳይቀሰቅሱ ወደ ምሰሶው አይሂዱ፤ ሸራው ቢቀደድም እንኳ።