የዩዘርዳታ ኢሜጅ ወጣልኝ፣ ግን ምንም አይነበብም

ሰላም ጓዶች። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ የደረሰኞቹ ፎቶዎች ጠፍተውበት ስልኩን አመጣልኝ፤ ያጠፋው ልጁ ነው፣ ለጌም ቦታ ሲፈልግ። ስልኩ አንድሮይድ 11 ነው፣ 64 ጊጋ፣ ቀድሞውኑ ሩት የተደረገ (ሙሉ የሲስተም ፈቃድ የተከፈተለት)። ፒኑንም ሰጥቶኛል።

ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጌ በኤዲቢ (ስልክን ከኮምፒውተር በትእዛዝ ማዘዣ) ገባሁና የዩዘርዳታን ፓርቲሽን (የተጠቃሚው ፋይሎች ያሉበትን የሜሞሪ ክፍል) እንዳለ በዲዲ ትእዛዝ ገልብጬ ወደ ላፕቶፕ ሳብኩት፤ ኢሜጅ የምለው ይህን ቅጂ ነው። በመሃል መብራት ጠፋ፣ ደግነቱ የላፕቶፑ ባትሪ አደረሰኝ። የፋይሉ መጠን ከፓርቲሽኑ ጋር ባይት በባይት እኩል ነው፣ ስለዚህ ተቆርጦ አይመስለኝም። የፎረንሲክ መመርመሪያው አውቶፕሲ ግን የፋይል ሲስተም የለም ይለኛል። በሄክስ ኤዲተር ከፍቼ 1024ኛው ባይት ላይ የኤፍቱኤፍኤስን (የስልኩን ፋይል ሲስተም) ምልክት ፈለግኩ፤ የለም፣ ከላይ እስከ ታች ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው። የጠፉ ፎቶዎችን የሚፈልገው ፎቶሬክም አንድ ጄፔግ አላወጣም።

ከዚያ ስልኩ ላይ ማውንት የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቼ ሳይ፣ ዳታ የተጫነው በቀጥታ ከዩዘርዳታ ሳይሆን ከአንድ የዲኤም ብሎክ (ምስጠራውን እየፈታ ከሚያሳይ ምናባዊ ዲስክ) ነው። ሜታዳታ ኢንክሪፕሽን (የፋይል ሲስተሙ መረጃ ራሱ የሚመሰጠርበት) መሆኑ ገባኝ። የኢሜጁ ሃሽ (የፋይሉ መለያ አሻራ) በየጊዜው የሚለያየው ስልኩ በርቶ ስለሚጽፍ ነው፣ እሱ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ትሪም ነው፤ ስልኩ በቆየ ቁጥር የጠፋው ቦታ ይጸዳል፣ ሰውየው ደግሞ በየሰዓቱ ይደውላል።

የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ፦ ስልኩ በፒን ተከፍቶ እያለ ከዲኤም ብሎኩ ኢሜጅ ባወጣ የጠፉት ፎቶዎች ይነበባሉ፣ ወይስ እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ስለተመሰጠረ ያሉትን ብቻ በታር ገልብጬ ስልኩን ልመልስለት?