አቫታሯ ሰው ላይ ታፈጣለች፤ ለነገ ጠዋት ድረሱልኝ!

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ደሴ ውስጥ ለአንድ ጤና ጣቢያ ተራ የምታስይዝ፣ አማርኛ የምትናገር አቫታር (በኮምፒውተር የተሠራች ሰው መሰል ምስል) ታብሌት ላይ ሠርቻለሁ። ዛሬ ስንሞክራት አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው «ይቺ ልጅ ምን አድርጌያት ነው እንዲህ የምታፈጥብኝ?» ብለው ወደ ኋላ አሉ። ከሳቸው በኋላ ሊያናግራት የደፈረ የለም። ድምፅዋ ጥሩ ነው። ነገ 3 ሰዓት ላይ ድጋሚ አሳያለሁ። ፊቷን ልቀይረው?

ሐይቅ ዳር፦ ዓይኗን ታርገበግባለች? ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ገደማ ያርገበግባል። በመሃሉ ያለው ጊዜ እኩል አይሁን፤ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግየት።

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ የቆየ ነው። ጃፓናዊው የሮቦት ተመራማሪ ማሳሂሮ ሞሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ሰው ለመምሰል ተቃርቦ ሰው ያልሆነ ነገር ይቀፈናል። ሲንቀሳቀስ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጽንሰ ሐሳቡን...

ቦርከና፦ ጋሼ፣ ልጁ እስከ ነገ 3 ሰዓት ነው ያለው!

ኮምቦልቻ፦ ዓይኗን አርገብግባት።

የወሎ እናት፦ ልጄ፣ ፊቷ ምን አደረገ? አስተዳደጓ ነው እንጂ! ታላቅ ሲመጣ ጎንበስ አትልም? እኛ ስናወራ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ «እ» ካላለች መስማቷን በምን እናውቃለን? ደንቆሮ ግድግዳ ነው የሚመስለን።

ሐይቅ ዳር፦ እትዬ ልክ ናቸው። ሰው ሲሰማ ነው አብዝቶ የሚያየው። ሲናገር ዓይኑን ዞር ያደርጋል፣ ሊጨርስ ሲል ይመለሳል። ያንተዋ ስታወራም ዓይኗን አትነቅልም መሰለኝ። ፈገግታዋም ቀስ ብሎ ይምጣ፤ ድንገት ብልጭ ካለ የውሸት ይመስላል። ታብሌቱስ የት ነው ያለው?

የጦሳ ልጅ፦ ግድግዳ ላይ፣ ልጆች እንዳይነኩት ከኔ ራስ በላይ ሰቅዬዋለሁ።

ሐይቅ ዳር፦ አቦ! ይሄንን ነበር መጀመሪያ መናገር! አገጯን ቀና አድርጋ ቁልቁል እያየቻቸው እኮ ነው። ይሄ ንቀት ነው የሚመስለው። ተቀምጦ ለሚያናግራት ሰው ዓይን ልክ አውርደው። አንገቷንም ትንሽ ዝቅ አድርገው።

ኮምቦልቻ፦ ማርገብገቡንም እንዳትረሳ።

የጦሳ ልጅ፦ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «እ» የሚለውን የገዛ እናቴን ድምፅ እየቀዳሁ ነው። መብራት ሄዷል፣ ላፕቶፑ 40 በመቶ ቀርቶታል። ከአንገቷ ጀምሬያለሁ።

ቦርከና፦ ነገ ምን እንዳሉ ንገረን።