ነፃ የወጣ ሰው በዚያው ግድያ እንደገና ይከሰሳል?

ሕግ የምታውቁ፣ እባካችሁ አስረዱኝ። ታናሽ ወንድሜ በስለት ተወግቶ ከሞተ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ተከሳሹ ዐቃቤ ሕግ በበቂ አላስረዳበትም ተብሎ፣ ተከላከል እንኳ ሳይባል በነፃ ተሰናበተ። ይግባኝ ተባለ፤ ውሳኔው ጸና። እናቴ እስካሁን ጥቁሯን አላወለቀችም።

ባለፈው ወር ያኔ ፈርቶ ዝም ያለ ጎረቤት «በዓይኔ አይቻለሁ፣ እመሰክራለሁ» ብሎ መጣ። እየሮጥኩ ሄድኩ። መርማሪው ፋይሉን ሳይገልጥ «የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 23 አንብብ» አለኝ። አነበብኩት። በመጨረሻ ውሳኔ በነፃ የተለቀቀ ሰው በዚያው ወንጀል እንደገና አይከሰስም ይላል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ መንግሥት እስኪረታ ድረስ ሰውን ሲያመላልስ መኖር የለበትም። ግን አዲስ ምስክር ሲገኝስ? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ለዚህ በር ከፍታለች። እኛ ጋ ምንም ቀዳዳ የለም? ሰበር ሰሚ ችሎቱ እንደሆነ የሕግ ስህተት እንጂ አዲስ ምስክር አይሰማም አሉኝ።

ሌላም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 የካሳ ዳኛ በወንጀል ችሎት ነፃ መባሉ አያስገድደውም ይላል። ወንድሜ ሁለት ልጆች ትቷል። ለእነሱ ካሳ ብጠይቅ ያዋጣል? ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ሁለት ዓመት ነው ያለኝ አለ፤ ወንጀል ከሆነ ይረዝማል ያለኝም አለ። ሰውየው ነፃ ከተባለ በኋላ የትኛው ነው የሚሠራው?