በካርቶን ሙሉ የድሮ የሃሎዊን ዕቃ ገዛሁ፤ ኦሪጅናሉን ከፎርጅዱ እንዴት ልለይ? ሌላስ ከየት ላግኝ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት (ጥያቄ)

ሰላም እህት ወንድሞች። ልጆቼ እዚሁ ሜሪላንድ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ሃሎዊን የሚውልበትን፣ ልጆች ልዩ ልብስ ለብሰው በየበሩ ከረሜላ የሚሰበስቡበትን ኦክቶበር 31ን የሚጠብቁት ከወራት በፊት ጀምረው ነው። ከሱቅ የሚገዛው ማስጌጫ በየዓመቱ ተሰብሮ ይጣላል፤ እኔ ደግሞ አሮጌዎቹን፣ በድሮ ጊዜ በጥንቃቄ የተሣሉትን፣ ካየሁ ጀምሮ ልቤ እዚያ ነው። ሰሞኑን በሰፈራችን ኤስቴት ሴል (የሟች የቤት ዕቃ ሽያጭ) ነበርና አንድ ካርቶን ዕቃ በ40 ዶላር ገዛሁ። ባለቤቷ አርጅተው ያረፉ ሴት ናቸው፣ ዕቃው ቤዝመንት ውስጥ ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ ጀርባዋን ያጎበጠች ከወፍራም ወረቀት የተቆረጠች ጥቁር ድመት አለች፤ ሆዷ ላይ ያለው ብርቱካንማ ስስ ወረቀት ሲዘረጋ የማር እንጀራ ይመስላል። የእንጨት እጀታ ያለው፣ ሲያሽከረክሩት የሚንቋቋ የቆርቆሮ መጫወቻም አለ፤ መጥረጊያ ላይ የተቀመጠች ጠንቋይ ታትሞበታል። ፊት ያለው የዱባ ፋኖስ አለ፤ ከእንቁላል መያዣ ዓይነት ወረቀት የተሠራ ሆኖ ዓይኑና አፉ ከውስጥ በቀለም ወረቀት ተሸፍኗል። አንድ በሣጥኑ ያለ የልጅ ጭምብልና ልብስ፣ ሦስት የማክዶናልድስ ምግብ ቤት የከረሜላ ባልዲዎችም አሉ።

የቱ በእርግጥ አሮጌ ነው? አቧራውን በምን ልጥረገው? ልጆቼ ቢጫወቱበትስ? ሌላስ ለመጨመር የት ልሂድ?

የላንካስተሩ አሮጌ ዕቃ ወዳድ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እርጥብ ጨርቅ እንዳታስነኪው። የድመቷ ስስ ወረቀት ቀለሙ በውሃ ይለቃል፣ የፋኖሱም ቀለም ይላጣል። ለስላሳ ብሩሽ፣ የሥዕል ወይም የሜካፕ ብሩሽ፣ ይበቃል። ቆርቆሮውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው፤ ዝገቱን ለማስለቀቅ አትፈግፍጊው፣ ከዝገቱ ጋር ሥዕሉ ይነሳል። ሰብሳቢ የሚወደው ያረጀ ግን ያልተነካ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ዕድሜው። እነዚህ ዕቃዎች ለአንድ ሌሊት ብቻ ታስበው በርካሽ የተሠሩ ናቸው። የገና ጌጥ በየቤቱ ተጠቅልሎ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል፤ የሃሎዊኑ ግን በማግስቱ ይቀደድና ይጣል ነበር። የተረፈው ጥቂት የሆነውና ዋጋው የናረው ለዚህ ነው። ፎርጅድ የበዛውም ለዚሁ ነው።

ድመቷን ገልብጪና ጽሑፍ ፈልጊ። ቢስትል የሚል ስም ካገኘሽ በ1900 የተመሠረተ፣ እዚህ ፔንሲልቬንያ ሺፐንስበርግ ከተማ ያለ ኩባንያ ነው። የማር እንጀራ ዓይነቱን ወረቀት በአሜሪካ ያስለመደው እሱ ነው። ኤች. ኢ. ሉርስ የሚል ካለ ያም የቢስትል ነው፤ የቤተሰቡ ሰው ስም ነው። ነገር ግን ኩባንያው እስከ ዛሬ እየሠራ ነው፣ የድሮ ንድፎቹንም እንደገና እያተመ ይሸጣል። ስለዚህ ስሙ ብቻውን ዕድሜ አይነግርሽም፤ ወረቀቱ፣ ጠርዙና የጽሑፉ ዓይነት አብረው ይታያሉ።

ጀርመን የሚል ማኅተም ያለው ሌላ ወገን ነው። ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የአገሩ ስም እንዲጻፍበት ሕጉ አስገድዷል። ምርጦቹ የጀርመን የዱባ ፋኖሶችና የከረሜላ መያዣዎች በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የመጡ ናቸው። በጃፓን በኩል «ኦኪዩፓይድ ጃፓን» የሚል ካየሽ አገሪቱ በአሜሪካ ጦር ሥር በነበረችበት፣ እስከ 1952 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። በአዲስ ፎርጅድ ላይም ጀርመን ብለው ስለሚያትሙ፣ ውድ ውድ የጀርመን ዕቃዎችን እውነተኛውን በእጅሽ ይዘሽ ሳታውቂ እንዳትገዢ።

የቆርቆሮው መጫወቻ ጠርዙ ላይ በደቃቅ ፊደል የአምራች ስም ይኖረዋል፤ የብሩክሊኑ ቲ. ኮን፣ የኒውአርኩ ኪርሆፍ፣ ወይም ዩ.ኤስ. ሜታል ቶይ የሚሉት የተለመዱ ናቸው። በጦርነቱ ምክንያት በ1942 የብረት መጫወቻ ማምረት ተከልክሎ ስለነበር ያንቺ ወይ ከዚያ በፊት ወይ ከጦርነቱ በኋላ ነው። የእንጨት እጀታው ጥሩ ምልክት ነው፤ በኋላ የተሠሩት ወደ ፕላስቲክ እጀታ ዞረዋል።

የልብሱን ሣጥን ግን በደንብ አንብቢው። አድራሻው ላይ ባለ አምስት አሃዝ ዚፕ ኮድ (የፖስታ አካባቢ ቁጥር) ካለ ከ1963 ወዲህ ነው። በከተማው ስምና በግዛቱ መካከል አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ብቻ ካለ ከ1943 እስከ 1963 ባለው ጊዜ ነው። ባርኮድ ካለበት ደግሞ ከ1974 አይቀድምም። ይህችን ይዘሽ ገበያ ከሄድሽ ሻጩ ከሚነግርሽ ይልቅ ሣጥኑ ይነግርሻል።

የኮሎምበሱ

ስለ ባልዲዎቹ ልናገር። ማክዶናልድስ በመላ አገሪቱ ያወጣቸው በ1986 ነው፤ ሦስቱ የየራሳቸው ፊትና ስም ነበራቸው። ከዚያ በኋላ በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ አውጥቷል፣ በ2022ም ተመልሰዋል። ከታች በኩል የተጻፈውን ዓመት እዪ። በብዛት ስለተሠሩ ውድ አይደሉም፤ ልጆችሽ ከረሜላ ይሰብስቡባቸው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። አሁን ገልብጬ አየሁ። ድመቷ ጀርባ ላይ ቢስትል ይላል፣ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ይላል፣ ዓመት የለውም። የልብሱ ሣጥን ብሩክሊን ካለ በኋላ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር፣ ከዚያ ኒው ዮርክ ይላል። ክዳኑ ላይ እንደ መስኮት የተቆረጠ ቦታ አለ፣ የሸፈነው ሴሎፎን ግን ተሰንጥቋል። ፋኖሱ ምንም ጽሑፍ የለውም፤ የዓይኑና የአፉ ወረቀት ከአካሉ ይልቅ አዲስ መሰለኝ።

የላንካስተሩ አሮጌ ዕቃ ወዳድ

ሣጥኑ ከ1963 በፊት ነው ማለት ነው፤ ጥሩ ዕቃ ይዘሻል። ያኔ የልጆች የሃሎዊን ልብስ ገበያ በብዛት በእነ ቤን ኩፐር፣ በኮሌጅቪልና በሃልኮ እጅ ነበር፤ ብሩክሊን የነበረው ቤን ኩፐር ነው። ሴሎፎኑን ለመለወጥ አትሞክሪ። ልብሱም ከሣጥኑ ከተለየ ዋጋው ይወርዳል።

ወረቀት ጠጋኝ

የምሠራው ከአሮጌ ሰነዶች ጋር ስለሆነ በወረቀቱ በኩል ልግባ። ብላክ ላይት የሚባለውን የአልትራቫዮሌት ባትሪ ግዢ፣ ርካሽ ነው። ክፍሉን አጨልመሽ አብሪበት። ከ1950 ገደማ ወዲህ ብዙ ወረቀት ንጣቱ እንዲጎላ ብርሃን የሚያፈካ ኬሚካል ይገባበታል፤ በዚህ ባትሪ ሥር ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ ወረቀት ግን ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። የ1930ዎቹ ነው ተብሎ የተሸጠልሽ ዕቃ ቦግ ካለ ውሸት ነው። ሳያበራ ሲቀር ግን አሮጌ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ያ ኬሚካል የሌለበት አዲስ ወረቀትም አለ። አንድ ምስክር እንጂ ፍርድ አይደለም።

የፋኖሱን ነገር ገምቻለሁ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እነዚህን የወረቀት ፋኖሶች ሰዎች ሻማ እያበሩ ይጠቀሙባቸው ነበር፤ የዓይንና የአፍ ወረቀቱ መጀመሪያ ይቃጠላል ወይም ይቀደዳል። ስለዚህ አካሉ አሮጌ ሆኖ ወረቀቱ በኋላ የተተካ ፋኖስ ብዙ ነው። ውስጡን እዪው፤ የሻማ ጥላሸት ወይም የሰም ጠብታ ካለ፣ መልኩም እዚህ ጠቆር እዚያ ፈካ ካለ፣ አካሉ ኖሮበታል። ፎርጅድ የሚያስረጁ ሰዎች ቡናማ ቀለም ከዳር እስከ ዳር እኩል ይቀቡታል፤ እውነተኛ እርጅና እኩል አይደለም። እጅ የሚይዘው ቦታ፣ ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ፣ መሬት የሚነካው ሥሩ ነው በጣም የሚያልቀው።

አቀማመጡንም ልንገርሽ። ስኮች ቴፕ በፍጹም አይነካው፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላል። ዝርግ የሆኑትን አሲድ የሌለበት ካርቶን ላይ አስቀምጠሽ ማይላር በሚባለው የፖሊስተር ላስቲክ ክተቻቸው፤ የሚሸት ለስላሳ ቪኒል ላስቲክ አይሆንም። አቲክ በበጋ ይቃጠላል፣ ቤዝመንት ይረጥባል፤ የመኝታ ቤት ቁምሣጥን ከሁለቱም ይሻላል። የድመቷን ስስ ወረቀት ለማየት ስትዪ ደጋግመሽ አትክፈቺና አትዝጊው፤ በእጥፋቱ ላይ ነው የሚቀደደው።

የልጆች ነርስ ከአሌክሳንድሪያ

ልጆቼ ቢጫወቱበትስ ላልሽው፣ እኔ አልሰጣቸውም። አሜሪካ ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም ለመጫወቻ የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ቆርቆሮ ሊድ ሊኖርበት ይችላል፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ያሳዩአቸው፣ እርስዎ ያሽከርክሩላቸው፣ ከዚያ እጅ ይታጠቡ። የድሮውን ልብስና ጭምብልም አያልብሷቸው፣ ጭምብሉ ዕይታ ይከለክላል።

ሻማም በፋኖሱ ውስጥ አያብሩ፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ይግባበት። ወደፊት ሲገዙ ሴሉሎይድ ከሚባል የድሮ ፕላስቲክ የተሠራ ስስና ቀላል አሻንጉሊት ካጋጠመዎት በጣም ተቀጣጣይ ነው፤ በጣት አሸት አሸት ሲያደርጉት የካምፎር ሽታ ይሰጣል። ከምድጃና ከመብራት ይራቅ።

ቅዳሜ ገበያተኛ

የት እንደሚገኝ ማንም አልነገረሽም። መጀመሪያ ወቅቱን ልወቅስ፤ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር አትግዢ። ያኔ ሁሉም ሰው ይፈልጋል፣ ሻጩም ያውቃል። ከገና በኋላ እስከ ጸደይ ባለው ጊዜ ያው ዕቃ በቀነሰ ዋጋ ይገኛል።

ኤስቴት ሴል ዋናው ምንጭ ነው፤ አንቺም የጀመርሽው ከዚያ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያሉትን ፎቶዎች እያጎላሽ ከኋላ በኩል እዪ። ሻጮቹ የሚያነሡት ሶፋውንና ሳህኑን ነው፣ የበዓል ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ይታይሻል። ሌላው ሰው ሳሎን ሲሻማ አንቺ ቤዝመንትና ጋራዥ ግቢ። በመጨረሻው ቀን ብዙ ቦታ በግማሽ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ብርቅ ነገር ካየሽ ግን እስከዚያ አትጠብቂ።

በመኪና ለመውጣት ከሆነ ፔንሲልቬንያ አዳምስታውን ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅብሻል፤ በመንገድ 272 ዳር አንቲክ ቤቶች (የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች) ተያይዘው ይገኛሉ፣ ሬኒንገርስ የሚባለው ገበያ እሑድ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ ግን ደህና ደህናው አልቆ ይደርስብሻል፤ እኛ ሌላ ቀን ስንፈልግ ፍሬድሪክ ከተማ ያሉትን አንቲክ ቤቶች እናያለን። ማሳቹሴትስ ያለው ብሪምፊልድ የሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከ1959 ጀምሮ የሚካሄድ ነው፣ በሜይ፣ በጁላይና በሴፕቴምበር። የጁላዩ ሙቀት ከባድ ነው፣ ውሃ ያዙ።

ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ደግሞ ሻጩ የጠየቀውን ሳይሆን «ሶልድ» (የተሸጠ) የሚለውን መርጠሽ በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ እዪ። ሻጮች ስሙን ስለማያውቁት ማንም የማይፈልጋቸው ቃላትን ተጠቅመሽ ፈልጊ፤ «የድሮ ፓርቲ ማስጌጫ»፣ «የቆርቆሮ ማንቋቂያ» ብለው የሚለጥፉ አሉ። የጀርባውን ፎቶ ይላኩልሽ በያቸው። እምቢ ያለ ሻጭ ካለ እለፊው።

እሙ ዘዳላስ

እህቶቼ አትቀየሙኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው። የጠንቋይ ሥዕል በክርስቲያን ቤት ማስቀመጥ አይከብድም? እኛ ቤት ሃሎዊን ከነጭራሹ አይከበርም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

አልቀየምም እሙዬ። እኔም አስቤበት የንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ፤ ውሳኔያችን የቤታችን ነው። የሚያስፈራ፣ ደም ያለበት ነገር አናስገባም። እኔን የሚስበኝ በወረቀትና በቆርቆሮ የተሠራው ጥበብ ነው። ልጆቼ በየበሩ ሲዞሩ ደግሞ ቡሄ ላይ ሆያ ሆዬ እያልን ሙልሙል የሰበሰብንበት ጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ልዩነቱን እያወቅሁ ነው ታዲያ። የማያከብር ሰው ቤት ልጆቼ አያንኳኩም፣ መብራት ካልበራ እንዲያልፉ አስተምሬአቸዋለሁ።

እሙ ዘዳላስ

እሺ፣ ገብቶኛል። ደህና ሁኚ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ባትሪውን ገዝቼ ሞከርኩት። ድመቷ ደብዛዛ ናት፣ ስስ ወረቀቱም አላበራም። የፋኖሱ ዓይንና አፍ ግን ቦግ አለ፤ አካሉ አላበራም፣ ውስጡም ወደ ላይ ጥላሸት አለው። ቆርቆሮው ላይ በማጉያ መነጽር ቲ. ኮን የሚል አገኘሁ። ፋኖሱን ብሸጠው ምን ብዬ ልሽጠው? የተተካውን ወረቀትስ ላውጣው?

ወረቀት ጠጋኝ

አታውጪው። ሙጫው አካሉን ይዞ ሊነሳ ይችላል። ስትሸጪ «አካሉ አሮጌ፣ የዓይንና የአፍ ወረቀቱ የተተካ» ብለሽ ጻፊ፣ በብላክ ላይት ያነሳሽውንም ፎቶ አስገቢ። ዋጋው ሙሉ ከሆነው ያንሳል፣ ገዢው ግን ያምንሻል።

የላንካስተሩ አሮጌ ዕቃ ወዳድ

እኔ ብሆን አልሸጠውም። ለማሳየት ከሆነ ድመቷን ከመስኮት አርቂያት፤ ብርቱካንማው ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይነጣል። ከኦክቶበር መጀመሪያ እስከ 31 አውጥተሽ መልሰሽ ክተቻት።

ቅዳሜ ገበያተኛ

ያን ኤስቴት ሴል ያካሄዱትን ሰዎች ስልክ ያዢ። የበዓል ዕቃ ሲገኝ ቀድመው እንዲነግሩሽ ጠይቂያቸው፤ ካርቶን ሙሉ የሚገዛ ሰው ይወዳሉ።